የኪራይዋ መኪና ሹፌር

እናቷ በስልክ ስትዋሽ ሹፌሯ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፊቷን ሳሙና ተቀብታ ነበር። "አዎ፣ ልጄ ናት የነዳችው። ሴቷ ልጄ፣ ውሉ ላይ ስሟ ያለው። እኔም አብሬያት ነበርኩ እኮ! ትናንት አሥር ሰዓት ገደማ ነው፣ የሆቴሉ በር ላይ። ምን ታድርግ፣ ድንገት ሆነባት" ትላለች እናት፣ ያውም ለቅሶ ቤት ስትገባ በምታወጣው በዚያ በተሰበረ ድምጿ። ሹፌሯ ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገብቶ እያቃጠላት ባለችበት ደርቃ ቀረች። ትናንት እናቷን ይዛ የትም አልሄደችም። ከተከራየቻት መኪና ጋርም ከትናንት በስቲያ ማታ ወዲህ አልተያዩም። ውሃው ይፈሳል፣ እናት ትዋሻለች፣ ከስልኩ ወዲያ ያለው ሰው የሚለው አይሰማም። በመጨረሻ እናትየው "እሺ የኔ ጌታ፣ አምስት ሰዓት ላይ ይዣት እመጣለሁ" ብላ ዘጋች፤ ወዲያውም ድምጿ ተመልሶ ደህና ሆነና ማዕድ ቤት ላለው ሰው "አለቀ፣ ነገርኩት" ስትል ተሰማ።

ሹፌሯ ፊቷን በወጉ ሳታደርቅ በነጠላ ጫማ ግቢ ወጣች። ነጯ መኪና ከውሃ በርሜሉ አጠገብ፣ ሐሙስ ማታ ያቆመቻት ቦታ ላይ አለች። ግን አፍንጫዋ ወደ ግድግዳው ነው። ሹፌሯ ደግሞ መኪና ስታቆም ፊቱን ወደ መውጫው ካላዞረች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ነፍሱን ይማረውና አምቡላንስ ይነዳ የነበረው አባቷ ያስያዛት ልማድ ነው። ማታ ስትገባ ድካሙ አናቷ ላይ ወጥቶ ይህን ልብ አለማለቷ አሁን ከራሷ ጋር አጣላት። ሆዷን አስገብታ በመኪናዋና በግድግዳው መሀል ሾለከች። ወይ ጉድ! ኮፈኑ ከመሀሉ ታጥፎ ተነስቷል፣ የግራው መብራት ዱቄት ሆኗል፣ የፊቱ ፓራውልት በአንድ ወገን ተገንጥሎ በገመድ ተጠፍሯል። ገመዱ የቤታቸው የልብስ ማስጫ ነው፤ አንዷ መቆንጠጫ እንኳ ሳትነቀል ተንጠልጥላ ቀርታለች። የሰው መኪና ሰብሮ፣ አዙሮ አቁሞ፣ ገብቶ መተኛት ምን የሚሉት ብልጠት ነው? ሳህን ሰብሮ ስብርባሪውን ከአልጋ ሥር የሚገፋ ሕፃን ከዚህ ይሻላል። ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

መኪናዋን የፈለጋት ታናሽ ወንድሟ ነው። ወንድሟ የቤት ደላላ ነው፤ አፈ ጮሌ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ። ሊያገባት የፈለጋት ልጅ አባት "እስቲ ሰውየውን ልየው" ብለው ከሌላ ከተማ ሲመጡ በታክሲ ሊያንቀሳቅሳቸው አፈረ። መኪና አከራዮቹ ደግሞ መንጃ ፈቃዱ አምስት ዓመት ላልሞላው አይሰጡም፤ የእሱ ገና ቀለሙ አልደረቀም። "እታለም፣ ባንቺ ስም ያዢልኝ፤ የምትነጂውም አንቺው ነሽ፤ እስከ እሑድ ብቻ" አላት። በደህናው ቀን "ፍሬን" ነው የሚላት፣ ቀስ ብላ ስለምትነዳ። "እታለም" ካላት አንድ ነገር ፈልጓል ማለት ነው፤ እሷም ይህን እያወቀች እሺ አለች። ሐሙስ ከሥራ መልስ ፈርማ ወሰደች፤ ሽማግሌውንም ከመናኸሪያ ተቀብላ ሆቴላቸው አደረሰች። ሲወርዱ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው ጉርሻ ዘረጉላት። "ጎሽ የኔ ልጅ፣ ረጋ ያልሽ ነሽ። ጌታሽ ጥሩ ሹፌር ይዟል" አሏት። ወንድሟ ሻንጣ እያወረደ ነበር፤ ሰምቷል፣ ግን ዞር አላለም። ኋላ ሲመለሱ "ሳቄ ቀድሞኝ ነው እኮ ያላረምኳቸው" አላት። እሷም ምን ታድርግ፣ አብራው ሳቀች።

ማዕድ ቤታቸው ጠባብ ናት፤ ሦስት ሰው ከተቀመጠባት አንዱ ካልተነሳ የማቀዝቀዣው በር አይከፈትም። ሹፌሯ ስትገባ እናቷ እንቁላል እየጠበሰችላት ነበር። እንቁላል ዋጋው ጣሪያ ከነካ ወዲህ በዚያ ቤት ለሴቷ ልጅ የሚጠበሰው ስትታመም ብቻ ነው። ደላላው ወንድሟ ዳቦውን እየቆረሰ፣ ፍርፋሪውን በጣቱ እየሰበሰበ፣ ቀና ብሎ አያያትም።

"ጎድቶሃል እንዴ?" አለችው። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ይኸው ነው፤ ምን ይደረግ፣ እህት ናት።

"ኧረ ደህና ነኝ እታለም። ብረት ነው የተጎዳው።"

ከዚያ በኋላ አፉ ተፈታ። ሽማግሌው ትናንት ከምሳ በኋላ ደወሉ አሉ፣ ከተማውን አሳየኝ ብለው። "ሹፌሯስ?" ሲሉት "ዛሬ እረፍት ሰጥቻታለሁ፣ ራሴ እነዳለሁ" ብሏቸዋል። መኪናዋም የራሱ እንደሆነች ሰውየው ገምተዋል፤ እሱም ሰው የገመተውን ማፍረስ ነውር መስሎት ዝም ብሏል። ከሽርሽሩ መልስ ወደ ሆቴሉ ሲገባ የበሩን የሲሚንቶ ምሰሶ ሳያየው ገባበት። ሽማግሌው ግንባራቸውን እያሻሹ በእግራቸው ገቡ። ጥበቃው ማን እንደነዳ ባያይም ሰዓቱን መዝግቦ፣ ከመኪናዋ ወረቀት ላይ ስልክ ወስዶ ለአከራዮቹ ደወለ። ይህን ሁሉ ሲያወራ ራሱን እንጂ ሌላ ሰው የጎዳ አይመስልም ነበር። "እኔ እኮ ኢንሹራንሱ ለሁላችንም መስሎኝ ነው" አለ። "ውሉ ላይ የአባታችን ስም አለ አይደል? ያንቺም የኔም አባት ነው። የአባቴ ስም ባለበት ወረቀት ብነዳ ምን አለበት ብዬ ነው።"

"እውነቱን ነው" አለች እናት እንቁላሉን እያቀረበች። "የአባት ስም ምን ሊሠራ ነው የሚጻፈው ታዲያ?"

ኢንሹራንስ ርስት ነው እንዴ፣ በአባት ስም የሚካፈሉት! ሹፌሯ ግን ያን ጊዜ ይህን አላለችም። የወንድሟን ፊት አይታ፣ መንጃ ፈቃድ ትናንት ያወጣ ሰው ይህን ቢሳሳት አይገርምም ብላ በሆዷ ይቅር ልትለው ዳዳት። እሱም ሁኔታዋን አየና ወንበሩን አስጠጋ። ነገሩ ቀላል ነው አለ። እሷ ነዳሁ ካለች ኢንሹራንሱ ይከፍላል፣ ቤተሰቡ በሰላም ያድራል፣ ሽማግሌውም መኪናዋ የኪራይ መሆኗን ሳይሰሙ እሑድ ይሄዳሉ። እሱ መንዳቱ ከታወቀ ግን ኢንሹራንሱ አይነካውም፣ ወጪው ሁሉ ከእሷ ኪስ ነው፤ የፈረመችው እሷ ናታ። "ስላንቺ ብዬ እኮ ነው" አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ሹፌሯ ሹካዋን አስቀመጠች። "ትናንት አሥር ሰዓት ላይ እኔ የት ነበርኩ?" አለች።

እናቷ ወንድሟን አየች፣ ወንድሟ ሻዩን አየ። "ቤት አልነበርሽም?" አለች እናት። እንዲያው ጉድ አይደለም? ስምንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ከቤት ወጥታ የምትሄድበትን ሥራ እናትና ወንድም ሊረሱት ይችላሉ? ትናንት ዓርብ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ሹፌሯ ከኋላዋ የሰው ልጆች ጭና፣ አንዷ ሲያስመልሳት፣ አንዱ ቦርሳዬን ረሳሁ ብሎ ሲያለቅስ፣ የትምህርት ቤቱን ሰርቪስ እየነዳች በየሰፈሩ ታወርድ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ቁጭ ብለው ሲመክሩ ሰዓቱን አስበውበታል፣ በሩን አስበውበታል፣ ምሰሶውን አስበውበታል፤ እሷ በዚያ ሰዓት የት ልትሆን እንደምትችል ግን አንዳቸውም ትዝ አላላቸውም። ከመኪናው መሰበር ይልቅ አንጀቷን ቁርጥ ያደረጋት ይሄ ነው።

"ሰዓቱን ማን ያጣራል?" አለ ደላላው ቶሎ ብሎ።

ማን እንደሚያጣራ ነገረቻቸው። የትምህርት ቤቱ ባለቤት በየዓመቱ ምዝገባ ሲከፈት ከእያንዳንዱ ሹፌር አደጋ እንዳላደረሰ የሚገልጽ ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ከኢንሹራንስ መዝገብ የሚወጣ፣ ቀልድ የሌለበት። ባለፈው ዓመት አንዱ ባልደረባዋ በእረፍት ቀኑ፣ በገዛ መኪናው የሰው አጥር ገጭቶ "ከልጆች ራቅ" ተብሎ ዘበኛ ሆኗል። የሷ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። በአሥር ሰዓት ሆቴል በር ላይ ነበረች ተብሎ ከተጻፈ፣ ወላጆች "ታዲያ ልጆቻችንን ማን ነበር የያዘው?" ይላሉ። ለዚህ መልስ የለም። በዚያው ቀን ቁልፍ አስረክባ ትወጣለች፣ ማንም ሌላ ትምህርት ቤትም በሩን አይከፍትላትም። እናቷ ሁሉንም እስክትጨርስ ሰማቻትና ሳህኗን ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት። "ብዪ፣ ይቀዘቅዛል። አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ የትም ብትወድቂ ትነሻለሽ። እሱ ግን ይቺ ልጅ ካመለጠችው አበቃለት" አለች። ሹፌሯ እንቁላሉን አልበላችውም። "እሺ፣ ቢሮው እንሂድ" ብላ ብቻ ተነሳች። ሁለቱም ተስማማች ብለው ፊታቸው ፈካ፤ ደላላው እንዲያውም ከሽማግሌው ጋር ቀጠሮ አለኝ ብሎ ጫማውን መወልወል ጀመረ።

በተሰበረችው መኪና ሄዱ። መንገዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰውም መኪናም ይተራመስበታል፤ ኮፈኑ በየጉድጓዱ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ የልብስ ገመዱ ከፊት ይርገበገባል። አላፊ አግዳሚው ዞሮ ያያል። ትራፊክ መብራት ላይ አጠገቧ የቆመ የጭነት መኪና ሹፌር አንገቱን አውጥቶ "እቴ፣ ማን ላይ ወጣሽ? ሰውየው ተረፈ?" ብሎ ከረዳቱ ጋር ተንከተከተ። ሹፌሯ መሪ ከጨበጠች ጀምሮ አንድ መስተዋት ሰብራ አታውቅም። ደሟ ፈላ፤ ግን ምን ትለዋለች? እናቷ ከጎኗ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወራለች። እዚያ ማዶ ያለው ሱቅ ከሰፈራቸው እንደሚረክስ፣ ግን ግማሹ የበሰበሰ እንደሆነ፣ ባለሱቁም ሚዛኑን በጣቱ እንደሚጫን ትናገራለች። ሹፌሯ "እም" ትላለች። እናት ደግሞ ስለ ቲማቲም ትጀምራለች። ስለ መኪናው፣ ስለ ወንድሟ፣ ስለሚናገሩት ቃል አንዲት ነገር አልተነሳም። ሹፌሯ በሆዷ እናቷ አንዴ ብቻ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ "ልጄ፣ ሥራሽስ?" እንድትላት እየጠበቀች ነዳች። ቢሮው በር ድረስ ጠበቀች።

ቢሮው ከአንድ የቀለም መሸጫ በላይ ያለ፣ አንድ ክፍል ነው። መስተዋት የተገጠመለት ጠረጴዛ፣ አቧራ የጠገበ የፕላስቲክ አበባ፣ ሦስት የተለያየ ቀለም ያላቸው ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የማያከራዩትን ዓይነት ቀይ መኪና የሚያሳይ ትልቅ ፎቶ። ሐሙስ ዕለት ያስፈረማት ባለ መነጽር ልጅ ዛሬም እሱው ነው። በደረጃው ወርዶ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አየ፣ ፎቶ አነሳ፣ የልብስ መቆንጠጫዋን ሲያይ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። ተመልሶ ሲቀመጥ ለእናቲቱ ውሃ አቀረበላት። ጥሩ አስተዳደግ ያለው ልጅ ነው፤ ሹፌሯንም በ"እርስዎ" ነው የሚያናግራት።

"ቃልዎን ከመጻፌ በፊት ነገሩን ግልጽ ላድርግልዎ፤ ኋላ አልተነገረኝም እንዳይሉኝ" አላት። "ይሄ ኢንሹራንስ መኪናዋን በማንም እጅ አይሸፍንም። ስሙ የተመዘገበ ሹፌር ሲነዳት ብቻ ነው። እርስዎ ነድተው ከሆነ፣ የመጀመሪያዋን ትንሽ ድርሻ እርስዎ ይከፍላሉ፣ ቀሪው የኢንሹራንሱ ነው። እርስዎ ፈቅደውለት ሌላ ሰው ነድቶ ከሆነ፣ ኢንሹራንሱ እጁን ይሰበስባል፤ ዕዳው በሙሉ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ሳይፈቅዱ የወሰደ ሰው ካለ ግን ለፖሊስ ያመለክታሉ፣ የሚጠየቀውም የነዳው ሰው ይሆናል። እንግዲህ ሦስት ናቸው፤ የትኛው ነው?"

እናት ጉሮሮዋን ጠረገች። ሹፌሯ ቀደመቻት። ለምን እንደጠየቀችው ራሷም በወጉ አላወቀችም፤ ምናልባት ወንድሟን ነጻ የምታወጣበት አንዲት ቀዳዳ እየፈለገች ይሆናል። "ሰው ግን ሊሳሳት ይችላል አይደል? ለምሳሌ አንድ የአባት ስም ካላቸው፣ ወንድምም የሚሸፈን ይመስለዋል።"

ባለ መነጽሩ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ፈገግታው ቀስ እያለ ሄደ። "ወንድምዎ ማለትዎ ነው? ሐሙስ አብረውዎት የመጡት?" አለ። "እሳቸው እንኳ ያውቃሉ። ትናንት ጠዋት ደውለውልኝ ነበር እኮ። ስሜን ከእህቴ ጋር ጨምርልኝ አሉኝ። መንጃ ፈቃድዎ ገና ነው፣ አይቻልም አልኳቸው። ብነዳትስ ምን ይሆናል ሲሉኝ አሁን ለእርስዎ የነገርኩዎትን ነው አንድ በአንድ የነገርኳቸው። ዕዳው እህትዎ ላይ ነው የሚመጣው፣ አደራ እንዳይነኳት አልኳቸው። እሺ፣ ገባኝ ብለው ነው የዘጉት።"

ሹፌሯ ክው አለች። ገብቶት ነበር። ከምሰሶው በፊት፣ ቁልፉን ከመጨበጡ በፊት፣ የሚሰበረው የማን ወገብ እንደሆነ ተነግሮት፣ ገብቶት፣ እሺ ብሎ ነው የሄደው። ጠዋት ያ ሁሉ የአባታችን ስም፣ ያ ሁሉ መስሎኝ ነው፣ ያ የዳቦ ፍርፋሪ መልቀም! እሷ ደግሞ በሆዷ ይቅር ልትለው ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው፤ አባታቸው ሲሞት የትምህርት ቤት ጫማውን ከመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችለት። ከድቶኛል አለች በልቧ፤ ከድቶኛል፣ ያውም አስቦበት።

"ሦስተኛው እንዴት ነው የሚጻፈው?" ብላ ጠየቀች። "ሳይፈቀድለት የወሰደ የሚባለው።"

ያን ጊዜ እናት ከወንበሯ ብድግ አለች። የውሃው ብርጭቆ ተንገዳግዶ መስተዋቱ ላይ ፈሰሰ። "ምን ማለትሽ ነው? ልጄን ሌባ ልታደርጊው ነው? ልጄ ሌባ አይደለም! የማንንም ዕቃ አልሰረቀም! ቁልፉን ከካፖርትሽ ኪስ አውጥቼ፣ በእጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ!"

ውሃው በጠረጴዛው ጠርዝ ጠብ ጠብ ይላል። ሹፌሯ ሐሙስ ማታ ቁልፉን ጥቁሩ ካፖርቷ የውስጥ ኪስ ውስጥ ስታስገባ፣ ወንድሟን ስለምታውቀው ቁም ሣጥኑን ቆልፋ፣ የቁም ሣጥኑን መክፈቻ ለእናቷ ሰጥታ "አደራ፣ ከኔ በቀር ለማንም" ብላት ነበር። ከዓለም ሰው ሁሉ መርጣ ነው ለእናቷ የሰጠቻት። አሁን ያችን እናት ስታያት፣ እናትየው ፊቷ ተቆጥቶ፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ልጇን ከእሳት እንዳወጣች ሴት ኮርታ ቆማለች።

ባለ መነጽሩ ውሃውን በወረቀት እየጠረገ፣ በለሰለሰ ድምፅ "እናቴ፣ ጠዋት በስልክ አብሬያት ነበርኩ ብለውኝ ነበር" አለ። "ግድ የለም። አሁን ያሉትን ልጻፈውና ይፈርሙበታል?"

እናት ቀስ ብላ ተቀመጠች። እስክሪብቶውን ተቀብላ አገላበጠችው። "ብፈርም ልጄን ይረዳዋል?"

"ልጅዎን ይረዳቸዋል" አለ ባለ መነጽሩ፣ በእጁ ሹፌሯን እያመለከተ። "ስማቸው ንጹሕ ይሆናል፣ ዕዳውም ይነሳላቸዋል። ወንድ ልጅዎ ግን ይጠየቃሉ።"

እናት አሰበች። ሹፌሯ ስታስብ አየቻት። ሽንኩርት ስትመርጥ እንደምታስበው ነበር፤ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ አንዱን በአንዱ እየመዘነች። ብዙም አልቆየችም። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችና ግድግዳው ላይ ወዳለው ቀይ መኪና ዞረች። "እንግዲያው አልፈርምም" አለች። "ደንግጬ ነው የተናገርኩት። ቁልፍ የሚባል ነገር አላውቅም። እሷ ናት የነዳችው።"

ሹፌሯ አልጮኸችም። መጮህ አምሯት ነበር፤ የቀለም መሸጫው ሰው ሁሉ እስኪወጣ ድረስ መጮህ አምሯት ነበር። "ወንድሜ፣ ጻፍ" አለችው ባለ መነጽሩን፣ የራሷ ድምፅ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ እየራቃት። "ትናንት በአሥር ሰዓት የትምህርት ቤት ልጆች ወደየቤታቸው እያደረስኩ ነበር። ይህን ሠላሳ ወላጅ ይመሰክራል። መኪናዋን የነዳው ታናሽ ወንድሜ ነው። አልፈቀድኩለትም፣ አልጠየቀኝም። ስልክ ቁጥሩ ይኸውና።" ቁጥሩን በቃሏ ነገረችው። ልጁ ሲጽፍ እናት ከጎኗ ሆና እጇን ሁለት ጊዜ ወደ ክንዷ ዘረጋችና መለሰችው። ሹፌሯ ፈረመች። ባለ መነጽሩ አንዱን ቅጂ ሰጣትና ዛሬውኑ ፖሊስ ጣቢያ እንድታደርሰው ነገራት፣ ጣቢያው ሩቅ እንዳልሆነ፣ ከአደባባዩ ወዲያ እንደሆነ። የመኪናዋን ቁልፍ አስረከበች። ስትወጣ "አይዞዎት" አላት፤ ይህችን ቃል ከጠዋት ጀምሮ ያላት የመጀመሪያው ሰው ነው።

ደረጃውን ሲወርዱ እናቷ እንደ ልማዷ ክንዷን ያዘች፤ ሹፌሯም አልነጠቀቻትም። ከውጭ ፀሐዩ ተቆጥቷል። እናት ወደ ተሰበረችው መኪና ልትሄድ ስትል ሹፌሯ ወደ መንገዱ ዳር ወስዳ አቆመቻትና ለታክሲ እጇን ዘረጋች። ስንት ታክሲ ሞልቶ አለፈ። አንድ ባዶ ሲቆም ከባለታክሲው ጋር በዋጋ ተከራክራ፣ ከተባለው ላይ አስቀንሳ፣ ሂሳቡን አስቀድማ ከፈለች። የኋላውን በር ከፍታ እናቷን አስገባቻት፣ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ከበሩ ሥር አወጣችላት።

"አንቺስ? አትገቢም?" አለች እናት።

"ጣቢያ እሄዳለሁ።"

እናት ዞር ብላ አየቻት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ሹፌሯ ያንን እንባ ስታይ፣ ሞኝ ልብ አይሞትም፣ አሁን ስሜን ትጠራኛለች ብላ ጎንበስ አለች። እናት በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

"ለወንድምሽ ምን ልበለው?" አለቻት።

ሹፌሯ ቀና አለች። ወደ ፊት ሄዳ የባለታክሲውን መስኮት በጣቷ መታ መታ አደረገችና፣ "ቀስ ብለህ ንዳ፣ አደራ፤ ወገቧን ያማታል" አለችው። ታክሲው ተነሳ። ሹፌሯ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ወደ አደባባዩ ዞረችና ሰው አየኝ አላየኝ ሳትል እያለቀሰች መንገድ ጀመረች።